ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር የያዘኝ እጅ

ያን ቀን ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር እጄን የያዘው ሰውየው ነበር ወይስ ሕመሙ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህ ጥያቄ ደጅ እንደሚጠና ባለጉዳይ ሆኖብኛል። ሥራ ላይ ሳለሁ ሌላ በሽተኛ ይመጣና ገለል ያደርገው ነበር፤ አሁን ገለል የሚያደርገው የለም። መጽሐፍ እከፍታለሁ፤ አንድ ገጽ ላይ ብዙ እንደቆየሁ የማውቀው ሻዬን ቀዝቅዞ ሳገኘው ነው። መልሱን አላውቅም። የማውቀው የሆነውን ነው። ስለዚህ የሆነውን እጽፋለሁ፤ የመሰለኝ ሲመጣም «መሰለኝ» እላለሁ።

ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው፤ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ፊደል በምቆጥርበት ዕድሜ እናቴ አልጋ ላይ ዋለችና የቤቱ ሥራ ለእኔ ቀረ። ታናናሾቼ ተምረው ሲጨርሱ ነው እኔ የማታ ትምህርት የጀመርኩት። ክፍላችን ውስጥ ልጅ የሚባል አልነበረም፤ እናቶች፣ ዘበኞች፣ አንድ ሲያስነጥስ ወንበሩ የሚነቃነቅ የቀድሞ ወታደር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ጠባይ አለው፤ ቃልን እንደ ሰው ዕቃ ይይዛል፤ እንዳይሰበርበት ይሳሳል። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። ነርስ ሆኜ ገጠር፣ ዋሂል ስመደብ፣ በሽተኛው «ሆዴን» ሲለኝ «የቱ ጋ? ከእምብርት በላይ ነው በታች?» እያልኩ ወረፋውን የማስረዝም ሴት ነበርኩ። ኦሮምኛዬን ያቀናሁት እዚያ ነው። ሁርሶ አካባቢም ጥቂት ሠርቻለሁ። ከዚያ ወደ ከተማ ተመልሼ ማደንዘዣ ተማርኩና እስከ ጡረታዬ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ቆየሁ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ተርፎ አልፎ አልፎ መጽሐፍ ያስገዛ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ የማደንዘዣ ክፍላችን አንጋፋ። ነገር ሲበላሽ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ሹክሹክታ ከጀመሩ ሁላችንንም ላብ ያጠምቀን ነበር። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን አፋትገው ያሞቃሉ። «አይዞህ» የሚል ቃል ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን እኔ ለአንዲት ሴት «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ስል ሰሙና ኮሪደር ላይ ጠሩኝ።

«ምንም እንደማትሆን በምን አወቅሽ?»

«ላጽናናት ብዬ ነው ጋሼ።»

«የማታውቂውን አትማዪ። አሁን መርፌ እወጋሻለሁ፣ ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ያልፋል በያት። የምታውቂው እሱን ነው።»

ሌላው ሕጋቸው ደግሞ ይህ ነበር፦ «ያየሽውን ተናገሪ፤ የመሰለሽን ለራስሽ ያዢ። ሐኪሙ ቢላ ይዟል፤ ያንቺን ግምት ደርበሽ አታሸክሚው።» ሕጉን ወደድኩት። በልኬ የተሰፋ ልብስ ነበር። ልብስ አንድ ቀን እንደሚጠብብ ያኔ አላሰብኩም።

ዶክተር ሄኖክ ከአዲስ አበባ መጥቶ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሲጀምር ጋሽ ተፈራ ገና ሥራ ላይ ነበሩ። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ሲራመድ የሚሮጥ የሚመስል ሰው ነው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «አንዳንዱን በሽተኛ መሃል ላይ እናነቃዋለን» አለ።

«ራሱ ተከፍቶ?» አለ ሽመልስ፤ መሣሪያ የሚያቀብለው ነርስ ነው።

«ተከፍቶ። እያወራን ነው የምንሠራው።»

«ዶክተር፣ የድሬን ሰው አንዴ ካስጀመርከው በኋላ ማን ያስቆመዋል?»

ሳቅን። ጋሽ ተፈራ አልሳቁም፤ መዳፋቸውን እያፋተጉ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎል ራሱ አያመውም፤ የሚያመው ቆዳውና ሽፋኑ ነው። ስለዚህ የራስ ቆዳውን ዙሪያውን በመርፌ እናደነዝዛለን፤ አጥንቱ እስኪከፈት በሽተኛውን በስሱ እናስተኛለን፤ ከዚያ እናነቃዋለን። ሐኪሙ ዕጢውን ከመቁረጡ በፊት ቦታውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት በምትሰጥ ዘንግ ይነካዋል። በዚያች ቅጽበት በሽተኛው እያወራ ከነበረና ቃሉ ከቆመ፣ እዚያ አይቆረጥም። እጁን እያንቀሳቀሰ ከነበረና እጁ ከተያዘ፣ እዚያም አይቆረጥም። ሐኪሙ ፊቱን አያይም፤ በመካከላቸው አረንጓዴ ጨርቅ አለ። ከጨርቁ ወዲህ፣ ከበሽተኛው ፊት አጠገብ ተቀምጦ ሥዕል የሚያሳይ፣ ከንፈር የሚያርስ፣ እያንዳንዱን ለውጥ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ጋሽ ተፈራ ግን ከሁሉ በፊት ጠረጴዛው ላይ አስተኙኝ። በጎኔ፣ ራሴ በተጠቀለለ ጨርቅ ተደግፎ፣ ጨርቁ ከላዬ ተዘርግቶ። «አትነቃነቂ» አሉኝና ወጡ። መጀመሪያ ዳሌዬ ነው የጮኸው። ቀጥሎ የታችኛው ጆሮዬ ነደደ። ከዚያ ብርዱ መጣ፤ ከዚያ ሽንቴ፤ ከዚያ አፍንጫዬ ላይ ልነካው የማልችለው ማሳከክ። ከሁሉ የባሰው ግን ከጨርቁ ማዶ የሚንሾካሾኩት ነርሶች ነበሩ። ስለ ምሳቸው ነበር የሚያወሩት፤ እኔ ግን ስለ እኔ መሰለኝ። ጋሽ ተፈራ ተመልሰው መጥተው ጨርቁን ሲገልጡ «ምን ተማርሽ?» አሉኝ።

«ሹክሹክታ ይከልከል።»

«ሌላስ?»

«ከዳሌ ሥር ሁለተኛ ፍራሽ።»

«አሁን ከበሽተኛው አጠገብ መቀመጥ ትችያለሽ» አሉኝ።

ሥዕሎቹ መጀመሪያ ከውጭ የመጡ ነበሩ፤ የበረዶ ሰው፣ ፒያኖ፣ ድሬዳዋ ላይ ማንም የማያውቀው አትክልት። በሽተኛው ስሙን ባይጠራው ሕመሙ ይሁን አለማወቁ በምን ይለያል? እኔ በዚህ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ሠዓሊ ዘንድ ሄጄ ባጃጅ፣ ግመል፣ በለስ፣ ቁልፍ፣ ጃንጥላ፣ መቀስ በካርቶን ላይ አሠራሁ። ሰውየው ከየሥዕሉ ሥር ስሙን በትልቁ ጽፎ ሰጠኝ።

«ስሙ አያስፈልግም ነበር እኮ።»

«ታዲያ ባጃጅ መሆኑን በምን ይወቁ?» አለኝ፤ ተቀየመም። ቤቴ ወስጄ ስሙን በመቀስ ቆረጥኩት። ዛሬ ያ ሁሉ በታብሌት ሆኗል፤ በጣት ይገፋል፤ ሥዕሉም ጥርት ያለ ነው። አዲሶቹ ልጆች የሚሠሩት ከእኛ የተሻለ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞች አንዱ የዋሂል ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዕጢው እጅ ከሚታዘዝበት ቦታ አጠገብ ነው። ከጨርቁ ሥር መርፌና ክር ሰጥቼው ያለማቋረጥ ሲያስገባና ሲያወጣ ዋለ። ክሩ የተጣመመ ጊዜ «ቆመ» እላለሁ፤ ዶክተር ሄኖክ እጁን ያነሳል። በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ሌላው ወታደር ነበር፤ ዘንጓ ስትነካው የሚጥል ሕመም ጀመረው፤ ከአውራ ጣቱ ተነስቶ ወደ ክንዱ፣ ወደ ፊቱ ሲወጣ አየሁ። እንዲህ ሲሆን ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ አንጎሉ ላይ ይፈስሳል፤ ያበርደዋል። አበረደው። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የእጅ ጣት ባየሁ ቁጥር፣ ገበያም ላይ፣ ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ፣ ሲንቀሳቀስ ልቤ ይዘላል።

ጋሽ ተፈራ ጡረታ ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። አቶ ሙሳ የመጣው እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው።

«አንተ» በይኝ ስላለኝ በአንተ ነው የምጽፈው። የግመልና የከብት ደላላ ነበር፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከመጋላ ሰፈር ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያሳልፍ፣ ዋርዱ ውስጥ ከገባ ጀምሮ የጎረቤት አልጋ በሽተኞችን ሁሉ ያዛመደ ሰው። ቃል እየጠፋበት ነበር የመጣው። ዕጢው በግራ በኩል ንግግር ካለበት ቦታ ላይ ተጠምጥሟል። ሚስቱ ዘይነባና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረች ልጁ ሂክማ አብረውት ነበሩ። ዶክተር ሄኖክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አቶ ሙሳ፣ ንግግርዎ ያለበት ቦታ ስደርስ ካቆምኩ ከዕጢው የሚቀር አለ፤ የቀረው ደግሞ ተመልሶ ያድጋል። እስከ መጨረሻው ካወጣሁት ምናልባት ረዘም ያለ ዕድሜ ያገኛሉ። ንግግርዎ ግን አብሮ ሊሄድ ይችላል። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

«መጀመሪያ እርስዎ እያልክ አታስረጀኝ አቦ!» አለ ሙሳ። «ሁለተኛ፣ እኔ ደላላ ነኝ። ምላስ የሌለው ደላላ ምንድነው? ራሱ ግመል ነው። ምላሴን ከምትወስድ ነፍሴን ውሰድ!»

«አፍህን ያዝ፣ አንተ ሰውዬ!» አለች ዘይነባ።

«እሱን ነው እኮ የምላችሁ፤ አፌን እንድይዝ ተዉኝ።»

ዶክተሩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሂክማ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር፤ ስትስቅ አላየሁም። ሙሳ ንግግሩ ላይ ሲደረስ እንዲቆም የሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በየቀኑ እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር፤ የሰው አነጋገሩን ጤነኛ ሳለ ካልሰማሁት መታመሙን አላውቅም። ሥዕሎቹን በአማርኛ ሊጠራ ተስማማን። አንድ ቀን ሥዕሉ ሰለቸውና «እጅሽን አምጪ» አለኝ። ከትከሻው ፎጣውን አውርዶ በሁለታችን እጅ ላይ ጣለ።

«አሁን ግመል ልትሸጪልኝ ነው።» አንድ ጣቴን ጠበቅ አደረገ። «ይሄ ዋጋ ነው። ስንት እንደሆነ ከብቱን ያየ ያውቃል። አነሰሽ?»

«አነሰኝ።»

«በአፍሽ አትበይ! ዙሪያውን ሰው ቆሞ ይሰማል። እጅሽን ሳብ አድርጊ።»

ሳብኩ። ሁለት ጣት ያዘ። አሁንም ሳብኩ። በመጨረሻ መዳፌን በሙሉ ጨብጦ አንዴ ወደ ታች ናጠው።

«ይሄ አለቀ ማለት ነው። የጠየቅሽውን ሰጥቻለሁ፣ ውሰጂ። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ የለም።»

«ታዲያ ዋናው ነገር በእጅ ከሆነ ምላሱ ለምን ነው?» አልኩት።

«ሰውን እስከ ጨርቁ ድረስ የሚያመጣው ማን ሆነና!» አለ። ዘይነባ ሳህን እያጠበች «አሁን ሲስተርንም ደላላ ልታደርጋት ነው?» ስትለው «ጡረታ ስትወጣ ሥራ አያስፈልጋትም እንዴ?» ብሎ መለሰላት።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት ያለ ስህተት ነው የሄደው። የራሱን ዙሪያ ሳደነዝዝ «ይቆነጥጣል» አልኩት፤ «ከዘይነባ አይብስም» አለ። በቀኝ ጎኑ አስተኛነው። ቀኝ እጁ ከፊቱ ፊት ለፊት፣ ጨርቁ ሥር፣ በእኔ እጅ ውስጥ ነበር፤ ጣቶቹን ለመከታተል ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው። አጥንቱ ተከፈተ። መድኃኒቱን ቀነስኩ። ዓይኑን ገለጠ፤ ጨርቁን አየ፤ እኔን አየ።

«ሲስተር፣ ድንኳን ውስጥ ነን እንዴ? ሠርግ ነው ለቅሶ?»

«የሥራ ድንኳን ነው። ይህ ምንድነው?»

«ባጃጅ ነው። ያውም አሮጌ።»

«ይህስ?»

«ግመል ነው። ከሳ፣ አልገዛውም።»

ከጨርቁ ማዶ ሽመልስ ሲስቅ ሰማሁት። ሥራው ቀጠለ። በለስ፣ ቁልፍ፣ መቀስ። ዶክተር ሄኖክ እየነካ፣ እየቆረጠ፣ እየነካ። እኔ ከንፈሩን በጎዝ አርሳለሁ። ብዙው ወጥቶ ነበር። ጃንጥላውን አሳየሁት።

«ይህ… ይህ…»

ዓይኑ ተለወጠ። ሥዕሉን ያውቀዋል፤ ቃሉ የለም።

«ቃል ቆመ» አልኩ።

ዶክተር ሄኖክ ዘንጓን አነሳ። ጠበቅን። «ጃንጥላ» አለ ሙሳ፤ እስትንፋሱ ተቆራርጦ። እንደገና ተነካ፤ እንደገና ጠፋ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ተነካ፤ እዚያም ጠፋ።

«እንግዲህ ደርሰናል» አለ ዶክተሩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሙሳ፣ ትሰማኛለህ? የቀረው ዕጢ ከንግግርህ ጋር ተጣብቋል። እንደተስማማነው እዚህ ላይ አቆማለሁ።»

ሙሳ አፉን ከፈተ። «ያ… ያ…» አለ። ቃሉ ገና አልተመለሰም ነበር። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው እጁ የተንቀሳቀሰው።

አንድ ጣቴን ያዘና ጠበቅ አደረገ። ለቀቀ። ሁለት ጣት ያዘ። ለቀቀ። ከዚያ መዳፌን በሙሉ ጨበጠና፣ ክንዱ ታስሮ እስከሚፈቅድለት ድረስ፣ ወደ ታች ሳበው።

የሆነው ይህ ነው። በዚያው ቅጽበት የአፉ ቀኝ ጥግ ሳብ ሳብ ሲል አይቻለሁ። ይህም የሆነ ነው።

የመሰለኝን ልጻፍ። ለዶክተሩ «ሁሉንም ውሰድ፤ የጠየቅከውን ሰጥቻለሁ» ያለ መሰለኝ። ምላሱን ሰጥቶ ዕድሜውን ሊገዛ የፈለገ መሰለኝ።

ምን ማለት ነበረብኝ? «ዶክተር፣ ሐሳቡን የለወጠ ይመስለኛል፤ በጣቱ እየነገረኝ ነው»? ሰውየው የፈረመው ጤነኛ ሳለ፣ በሙሉ አፉ፣ ሚስቱ ፊት ነው። አሁን ራሱ ክፍት ነው፤ ቃል የለውም፤ እጁን የሚያዘው ቦታ ቢላው ካለበት ብዙም አይርቅም። የጋሽ ተፈራ ድምፅ መጣልኝ፤ እየቀነሰ።

«ቀኝ እጁ ይንቀሳቀሳል» አልኩ።

«ምን ዓይነት?»

«ይጨብጣል፤ ይለቃል። አፉም በቀኝ በኩል ይሳባል።»

«ቀዝቃዛ ውኃ!»

ውኃው ፈሰሰ። ሙሳ አንዴ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቶቹ በእጄ ውስጥ ላላ አሉ።

«ቆመ?»

«ቆመ» አልኩ።

ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። እጁ የላላው ውኃው ሕመሙን ስላበረደው ነው፤ ወይም ለዶክተሩ ያልኩትን ሰምቶ ስለተወው ነው። ዶክተር ሄኖክ መዝጋት ጀመረ፤ እኔም መልሼ አስተኛሁት።

ዋርዱ ውስጥ ሲነቃ ቃሉ ተመልሶ ነበር። መጀመሪያ ያለው «ዘይነባ፣ ራበኝ» ነው፤ ዘይነባ አለቀሰች። በማግስቱ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ከትናንቱ ምን ትዝ ይልሃል?»

«በረዶ። ራሴ ላይ በረዶ ወረደ። ሌላ የለም። ምነው?»

«እንዲሁ ነው» አልኩ።

መድኃኒታችን ትዝታን እንደሚያጠፋ አውቃለሁ። እጁን ይዤ «ይህን አድርገህ ነበር» ብዬ ላሳየው እችል ነበር። ቢልስ? «አዎ፣ ብዬሻለሁ» ቢለኝ ምን አደርጋለሁ? ሄድኩ።

ወደ ገበያው ተመለሰ። አንዳንዴ የሆስፒታሉ በር ላይ ሲያገኘኝ «ምላሴን ያተረፈችልኝ ሴት!» ብሎ በሦስት ቋንቋ ይጮህ ነበር፤ ዘበኞቹ ያጨበጭቡለታል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ፤ እነሱ ትሕትና ነው ይሉታል። አንድ ጊዜ ዶክተር ሄኖክን፣ የሚጥል ሕመም እጅን በቅደም ተከተል፣ ትርጉም ያለው በሚመስል መንገድ ሊያንቀሳቅስ ይችል እንደሆነ ጠየቅሁት።

«በደንብ ነዋ! የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍና ሲፈታ ያየሁት ሰው አለ፤ ራሱ አያውቅም» አለኝ። «ምነው ጠየቅሽኝ?»

«መጽሐፍ ላይ አይቼ።»

ለጥቂት ጊዜ ቀለለኝ። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣ፤ ሊያደርግ ይችላል ማለት አድርጎታል ማለት አይደለም። ስለዚህ እዚያው ነበርኩ።

የቀረው ዕጢ አደገ። ሙሳ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ዕጢው ሊነካ በማይችልበት ቦታ ገብቶ ነበር። ቤቱ ወስደውት እዚያው አረፈ። ለቅሶ ደረስኩ፤ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ፤ ሰው ሁሉ ስለ ጨዋታው ያወራል። ዘይነባ ስታቅፈኝ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ሐዘን ላይ ላለች ሴት «መሰለኝ» ይዞ አይኬድም ብዬ ዘጋሁት። ሂክማን በዚያ ቀን አላየኋትም።

ከጡረታዬ በኋላ ነው። ደቻቱን ተሻግሬ መጋላ የቀሚስ ጨርቅ ልገዛ ወጣሁ። ዘይነባ የጨርቅ ሱቅ እንዳላት አውቃለሁ፤ ለዓመታት በሌላ መንገድ ነበር የምዞረው። ያን ቀን አልዞርኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እግሬን ደክሞኝ ይሆናል።

«ወላሂ ሲስተር! ጠፋሽ እኮ!» ብላ ከባንኮኒው ወጥታ ሳመችኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ሙቀቱ ተጫወትን። ጨርቁን እየለካች ሳለ «ሂክማስ ደህና ናት?» አልኳት።

«አለች፣ ከውስጥ ናት። ሱቁን የያዘችው እሷ ናት፣ ማሻ አላህ። ግን…» መቀሱን አስቀመጠች። «ለአባቷ ዱዓ እናድርግ ስል ተነስታ ትወጣለች። ስሙን አታነሳም።»

«ለምን?»

«ያን ቀን አንቺም ነበርሽ እኮ! ‹ምላሴን ከምትወስድ ነፍሴን ውሰድ› ሲል። ‹ከእኔና ከምላሱ ምረጥ ቢባል ምላሱን መረጠ› ትላለች። ቀልድ ነው እላታለሁ። ‹ቀልድ ከሆነ ለምን ፈረመ?› ትለኛለች። ምን ልበላት? ፈርሟል።»

የያዝኩትን የጨርቅ ጫፍ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

«ዘይነባ፣ የምነግርሽ አለ» አልኳት።

ነገርኳት። ጃንጥላውን፣ ዶክተሩ ያለውን፣ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ መዳፍ። የአፉንም ጥግ አልደበቅሁም፤ ውኃውንም። መሃል ላይ አንዲት ሴት ገብታ «ይሄ በስንት ነው?» አለች።

«ተዘግቷል» አለች ዘይነባ፤ ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ።

«ክፍት ነው እኮ!»

«ተዘግቷል አልኩሽ እህቴ፤ ኋላ ነይ።»

ሴትየዋ እያጉረመረመች ወጣች። ጨረስኩ።

«ዓይኑ የት ነበር?» አለች ዘይነባ።

«እኔ ላይ።»

«ያን የገበያ እጅ ለእኔ አስተምሮኝ አያውቅም» አለች። «ሴት እዚያ ምን ትሠራለች ይል ነበር። ለአንቺ ነው ያስተማረሽ። አሁን ማንን ልጠይቅ?»

«እርግጠኛ ብሆን ኖሮ ያኔውኑ…»

«እርግጠኛ!» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አለ። «አንቺ እርግጠኛ እስክትሆኚ ልጄ አደገች እኮ ሲስተር!»

ቦርሳዬን ያዝኩ፤ «ውጪልኝ» ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ ጓዳው ዞራ ተጣራች።

«ሂክማ!»

«እናቴ?»

«ነይ ወዲህ።»

«ዘይነባ፣ አሁንም እኮ አላውቅም» አልኳት፤ እየቸኮልኩ። «ሕመሙ ሊሆን ይችላል።»

«አለማወቅሽንም ንገሪያት።»

ሂክማ የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ ወጣች፤ ረዝማለች፤ የአባቷን ትከሻ ይዛለች። እናቷን አየች፤ እኔን አየች፤ ፊቷ ተዘጋ።

«ስለ እሱ ከሆነ ቆሜ ይበቃኛል» አለች።

«ስለ እሱ ነው» አልኳት። «የማላውቀውን ግን አስቀድሜ ልንገርሽ።»

መጋረጃውን ለቀቀች። ከዚያ ወንበር ሳበች።